ያልተከሰሱ እናት መሬታቸውን በፍርድ ሊለቁ ነው፤ ይግባኝ ነው ወይስ መቃወሚያ?

ሰብለ ዘሐይቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የገጠር መሬት ክርክር የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙኝ ነው። ቦታው ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ደጋ ወረዳ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ የተወው መሬት ሦስት ጥማድ ያህል ይሆናል። እሱ ከሞተ በኋላ አጎታችን በእኩል (ምርቱን ለሁለት እየተካፈልን) ሲያርሱት ኖሩ። አምና ወንድማችን መሬቱን ተረክቦ ራሱ ማረስ ሲጀምር አጎታችን «ወንድሜ በሕይወት እያለ ሰጥቶኛል» ብለው ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ሚያዝያ 14 ቀን «ለከሳሽ ይልቀቅ» ተብሎ ተፈረደ። ዛሬ ግንቦት 29 ነው፤ አፈጻጸም መከፈቱንም ሰምተናል። መሬቱ ላይ የበልግ ገብስ አለ።

እናታችን በሕይወት አለች፣ ግን ክሱ ውስጥ የለችም። እኔና ታናሽ እህቴም አልተከሰስንም፣ መጥሪያም አልደረሰንም። ይግባኝ ማለት እንችላለን? ካልቻልን ምን ዓይነት አቤቱታ ነው የሚጻፈው፣ የትስ ነው የሚገባው? ለዳኝነት የምንከፍለው የለንም፤ ጠበቃ ማቆሙማ አይታሰብም። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፣ ከተማ ድረስ መመላለሱም ይከብዳታል። እኔ ወክያት መቅረብ እችላለሁ?


ጦሳ ሥር

አብሽሪ እህቴ፣ ጊዜው አላለፈም። ግን እየሄደ ነው።

ይግባኝ የሚለው ተከራካሪ የነበረ ሰው ነው። በዚህ መዝገብ ይግባኝ ማለት የሚችለው ወንድማችሁ ብቻ ሲሆን ጊዜውም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323 መሠረት ፍርዱ ከተሰጠ 60 ቀን ነው። ከሚያዝያ 14 ሲቆጠር ሰኔ 14 ያልቃል፤ ስለዚህ የቀረው 15 ቀን ነው። ካለፈበት ማስፈቀጃ ማቅረብ አለበት፣ በቂ ምክንያትም ይጠየቃል። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» ወይም «ወኪሌ ዘግይቶ ነው» የሚለውን ቁጥር 326 በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም።

የእናንተ መንገድ ቁጥር 358 ነው፤ የፍርድ መቃወሚያ ይባላል። በክርክሩ ውስጥ ተካፋይ መሆን የሚገባው ወይም የሚችል የነበረ፣ ፍርዱ መብቱን የሚነካበት፣ በራሱም ሆነ በወኪሉ ያልተከራከረ ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወም ይችላል። እነዚህ አራት ነገሮች አቤቱታው ላይ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ብዙ መቃወሚያ የሚወድቀው «መሬቱ የእኛ ነው፣ ተበድለናል» ብሎ ገጽ ሞልቶ አራቱን ሳይነካ ስለሚያልፍ ነው። የሚጠየቀው ዳኝነትም «መሬቱ ይሰጠኝ» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር የተሰጠው ፍርድ ይሰረዝልኝ ወይም መብቴን በሚነካው መጠን ይሻሻልልኝ» መሆን አለበት። የሚገባው ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ፍርዱን የሰጠው እዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው «ከመፈጸሙ በፊት» የሚለው ቃል ነው። መሬቱ ተለክቶ አጎታችሁ ከተረከቡ 358 ተዘጋ ማለት ነው። መብት ግን አይጠፋም፤ ቁጥር 5 ዳግም ክስን የሚከለክለው በነዚያው ተከራካሪዎች ወይም መብታቸውን ከእነሱ ባገኙ ሰዎች መካከል ስለሆነ እናታችሁ አዲስ ክስ መመሥረት ይችላሉ። ችግሩ ያኔ መሬቱ ከእጅ ወጥቶ፣ የዳኝነት ክፍያው እንደ አዲስ ተተምኖ፣ ከሀ ብሎ መጀመር ነው።

መቃወሚያው መግባቱ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም። በተለየ ወረቀት፣ ቃለ መሐላ ተያይዞበት፣ የእግድ አቤቱታ አብሮ ይግባ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳታት ትንሽ ነገር አለች፦ አፈጻጸም የራሱ መዝገብ ቁጥር አለው፣ ከዋናው የተለየ። የእግድ አቤቱታው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ካልተጻፉ እግዱ ይወጣና አፈጻጸሙን የያዘው ችሎት ሳያየው ርክክቡ ይካሄዳል።

ሁለት ነገር ንገሪን። አንደኛ፣ ፍርዱ «ሁከት ይወገድ» ነው ወይስ «ይዞታዬን ይልቀቅልኝ»? የሁከት ክስ (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149) ማን በእጁ ይዞ ነበር የሚለውን እንጂ የባለመብትነትን ጥያቄ አይዘጋም፤ ስልታችን ይለያያል። ሁለተኛ፣ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው?


የመዝገብ ሰው

ከጦሳ ሥር ጋር እስማማለሁ። እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር።

ግልባጭ ስትጠይቁ ፍርዱን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ክሱ፣ የተከሳሽ መልስ፣ የሁለቱም ወገን ማስረጃ ዝርዝርና የምስክሮች ቃል ያስፈልጋል። ተከራካሪ ስላልሆናችሁ መዝገብ ቤት ሊያንገራግር ይችላል፤ ወንድማችሁ በራሱ ስም ቢጠይቅ ያለ ጣጣ ይሰጠዋል። ክፍያው በገጽ ነው። የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን ግልባጩ ላይ ይጻፍ በሉ። ግልባጩ ዘግይቶ ይግባኙ ቢያልፍበት ወንድማችሁ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ግልባጩ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ አዋሳኝ ነው። ክሱ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ገደል፣ በደቡብ እገሊት» ይላል። ደብተራችሁ ላይ ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል? ደብተሩ ላይ የሰፈረው አዋሳኝ ሞቶ ልጁ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ችግር የለውም፣ በአቤቱታው አብራሩት። ከነጭራሹ የማይገጥም ከሆነ ግን ፍርዱ ሌላ ማሳ ላይ ነው ወይም ሁለት ማሳ አንድ ተደርጓል፤ ይህ ራሱ ትልቅ መከራከሪያ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካላችሁ ካርታና የማሳ መለያ ቁጥር ስላለው በዚያ አስደግፉት። የጥማድ ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል፤ አቤቱታ ላይ በሄክታር ጻፉት።

መቃወሚያው ላይ ተጠሪዎች (መልስ እንዲሰጡ የሚጠሩት) ሁለት ናቸው፦ አጎታችሁና ወንድማችሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ክርክር ተካፋዮች ሁለቱም ናቸው። ወንድም ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ስለዚህ አንድ ለመዝገቡ፣ ሁለት ለተጠሪዎች፣ አንድ ማኅተም አስመትታችሁ የምትይዙት፣ በድምሩ አራት ኮፒ። አባሪውም በዚያው ልክ። የማስረጃ ዝርዝር የሌለው አቤቱታ ሬጅስትራሩ ጋ ይመለሳል። ምስክሮች በሙሉ ስምና አድራሻ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ስለምን እንደሚመሰክርም በአንድ መስመር።

ራፖር ጸሐፊ (በክፍያ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው) ጋ ስትሄዱ ያንን ሁሉ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጎበዝ ጸሐፊዎች አሉ፣ ግን በእጁ ያለውን ቅጽ ስም ብቻ ቀይሮ የሚያወጣም አለ። ርዕሱ «በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 358 መሠረት የቀረበ መቃወሚያ» መባሉን ሳታዩ አትክፈሉ። «ይግባኝ» ወይም «አቤቱታ» ብቻ ብሎ ከጻፈው መልሱት።


ላኮመልዛ

አፈጻጸም ከተከፈተማ 418 አይቀልም? በአፈጻጸም ችሎት «ንብረቱ የእኔ ነው» ብሎ መግባት የሚቻልበት ነው፤ ፍርዱን ማሰረዝ ውስጥ ሳይገቡ።


ጦሳ ሥር

ላኮመልዛ፣ 418 ለዕዳ ተብሎ ስለተያዘ ንብረት ነው። ሰው 50 ሺህ ብር ክፈል ተብሎ ሳይከፍል ቀርቶ በሬው ወይም ቤቱ ሲከበር (በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲያዝ)፣ «በሬው የእኔ እንጂ የባለዕዳው አይደለም» የሚል ሰው በ418 ይገባል። እዚህ ግን የተከበረ ነገር የለም፤ ፍርዱ ራሱ «ይህን መሬት ልቀቅ» ይላል። አፈጻጸም ችሎት ከፍርዱ ቃል ወጥቶ ባለመብቱ ማነው ብሎ ሊያጣራ አይችልም። በ418 ከገቡ «መብትህን በሌላ መንገድ ጠይቅ» ተብሎ ሲመለስ ሁለት ሳምንት ይበላል፣ በዚያ መሐል ርክክቡ ያልቃል።


ሰብለ ዘሐይቅ

አላህ ይስጣችሁ። መልሶቹ እነሆ። ፍርዱ የሁከት አይደለም፣ «ይዞታዬን ይልቀቅ» ነው። ደብተሩ የአባታችንና የእናታችን ፎቶ ያለበት፣ በሁለቱም ስም ነው፤ እናታችን እጅ ነው ያለው። አጎታችን ያቀረቡት ሦስት ሰው የፈረመበት የስጦታ ወረቀት ነው። መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አልተመዘገበም፣ እናታችንም አልፈረመችበትም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር፦ እናታችን በዚያ ክስ ለወንድማችን ምስክር ሆና ቃሏን ሰጥታለች። ይህ አይጎዳንም? ደግሞ ሽማግሌዎች ገብተዋል፤ ስምምነት ጽፈው ማክሰኞ ሊያስፈርሟት ነው።


ጦሳ ሥር

ደብተሩ በሁለቱም ስም ከሆነ ነገሩ ተለወጠ። እናታችሁ ወራሽ ብቻ አይደሉም፤ ከመጀመሪያው የጋራ ባለይዞታ ናቸው። አባታችሁ በርግጥ ሰጥተው ቢሆን እንኳ የሚስታቸውን ድርሻ መስጠት አይችሉም። አጎታችሁ ደብተሩ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ያለውን ሰው ትተው ልጁን ብቻ መክሰሳቸው «ተካፋይ መሆን የሚገባው» ለሚለው የ358 መመዘኛ ከዚህ የጠራ ምሳሌ የለውም።

ስጦታውን በተመለከተ፣ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ (ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ አሁን አዋጅ ቁጥር 252/2009) የመሬት ስጦታ በጽሑፍ ሆኖ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ሦስት ሰው የፈረመበት፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ይህን አያሟላም። ለምን ወረዳው ተቀበለው? ከፍርዱ ሐተታ ነው የሚታወቀው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተከሳሹ «አባቴ አልሰጠም» ብቻ ብሎ ሲከራከር፣ የምዝገባውን ነገርም የእናትን ድርሻም ሳያነሳ ሲቀር ነው። ዳኛው ደግሞ በተያዘው ጭብጥ ላይ ምስክር ሰምቶ ይወስናል።

ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል፦ ማሳው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የስጦታ ምዝገባ መኖር አለመኖሩን። በእጃችሁ ያለው ደብተር ጥሩ ነው፣ ግን ደብተር በተቃራኒ ማስረጃ ሊስተባበል ይችላል፤ ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም ነው የሚጠነክረው። ጽሕፈት ቤቱ ለግለሰብ አልሰጥም ካለ «ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ ያስቀርብልን» ብላችሁ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት። የጽሕፈት ቤቱ ፋይል በ2014ቱ ጦርነት ጠፍቶ ከሆነ ያንኑ በደብዳቤ ይግለጽ፤ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ የሚያውቀውን በምስክርነት ቆጥራችሁ አቅርቡ።

ምስክርነቱ። ምስክር ተከራካሪ አይደለም፤ መስክረዋልና መቃወም አይችሉም የሚል ነገር በ358 የለም። አጎታችሁ ግን «ክርክሩን እያወቁ ዝም ብለዋል» ማለታቸው አይቀርም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እናታችሁ ያኔ ምን እንዳሉ ነው። እናት ለልጇ ስትመሰክር «መሬቱ የልጄ ነው፣ እኔ የለሁበትም» ትላለች፣ በቅንነት። ያ ቃል መዝገብ ላይ ካለ አሁን «የእኔ ነው» ሲሉ ይቀርብባቸዋል። መቃወሚያው ከመጻፉ በፊት የምስክርነት ቃላቸውን ግልባጭ አንብቡላቸው፤ የሚያከራክር ቃል ካለ አቤቱታው ራሱ አስቀድሞ ያስረዳው።

አንቺና እህትሽ ወራሽነት ነው የምታነሱት፤ ለዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። እሱን እየጠበቃችሁ የእናታችሁን አታዘግዩ። እናታችሁ ብቻቸውን በደብተራቸው ይግቡ፣ እናንተ ማረጋገጫው ሲደርስ ትከተላላችሁ። ሦስታችሁንም ባንድ አቤቱታ ማጨቅ የእሳቸውን ጠንካራ ክርክር በእናንተ ደካማ ክርክር ማቅጠን ነው።


ቦርከና ማዶ

ስለ ሽምግልናው እኔ ልበል። በወሎ አባጋርም ሆነ የሰፈር ሽማግሌ ሲቀመጥ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ማለትም አያስፈልግም። ግን ሦስት ነገር ይያዝ።

ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ የይግባኝ ቀን አይቆምም። ሰኔ 14 የወንድማችሁን እግር አይጠብቅም። አፈጻጸሙም ቀጠሮውን ይዞ ይሄዳል፤ ካልቆመ በስተቀር ሽምግልናው ሳያልቅ መሬቱ ሊያልቅ ይችላል። አጎታችሁ ከልባቸው ለእርቅ ከሆነ የሚቀመጡት፣ ለአፈጻጸም ችሎቱ «ለእርቅ ጊዜ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ ከወንድማችሁ ጋር በጋራ ይፈርሙ። ይህን እምቢ ካሉ የሽምግልናው ነገር ታውቋል።

ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ወይም ፊርማ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ዛፍ ሥር አሻራ ቢወሰድ እንኳ በሕግ አያስርም። ይህን ተማምናችሁ ግን «እሺ ይፈርሙ» እንዳትሉ፤ ያ ወረቀት ችሎት ቀርቦ ስንት ቀጠሮ እንደሚያስቆጥር እኔ አውቃለሁ። ሳይነበብላቸው፣ አንቺም ሳትኖሪ አይፈርሙ።

እርቁ ከሰመረ ወረቀቱ ቤት መቀመጥ የለበትም። ድርሻው በአዋሳኝና በስፋት ተለይቶ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም፣ መቃወሚያው በተከፈተበት መዝገብ ገብቶ ችሎቱ ይመዝግበው (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ)። የተመዘገበ እርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ያልተመዘገበ እርቅ ከፈረሰ ሌላ ክስ ነው የሚሆነው።

ሌላው፣ አጎታችሁ ነገሩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው ካሉ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁሉም ተከራካሪ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ፈቃድን ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል። መጥሪያ ደርሷችሁ ዝም ካላችሁ ግን ዝምታው እንዳይተረጎምባችሁ፣ ቀርባችሁ «አልፈቅድም» በሉና ይመዝገብ። እግረ መንገዴን ላንሳው፣ በሸሪዓም ቢሆን ወንድ ልጅ እያለ የሟች ወንድም አይወርስም። የአጎታችሁ ክርክር በስጦታው ወረቀት ላይ ብቻ የቆመ ነው።


የመዝገብ ሰው

ወደ ውክልናና ዳኝነት ልመለስ፣ አልተመለሰላትምና።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 58 ጠበቃ ያልሆነ ሰው ወክሎ የሚከራከረው የባለጉዳዩ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት ወይም አያት ሲሆን ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ስለዚህ አንቺ ትችያለሽ። አማች፣ የወንድም ልጅ፣ ጎረቤት አይችሉም፤ ውክልና ቢኖራቸውም ችሎት ላይ ይመለሳሉ። ወንድማችሁ በዝምድና ይችል ነበር፣ ግን ራሱ ተጠሪ ስለሚሆን አይሆንም።

ውክልናው ላይ «ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ መቃወሚያ ለማቅረብ፣ ይግባኝ ለማለት» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ። «በጠቅላላ ጉዳዬን እንድትፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለክርክር አይበቃም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ለመታረቅም እንዲሁ፤ እናታችሁ እርቁን ራሳቸው መወሰን ከፈለጉ «ለመታረቅ» የሚለውን አታስገቡ። ውክልናው ሰነድ በሚረጋገጥበት ጽሕፈት ቤት ስለሚፈጸም እሳቸው አንድ ቀን መምጣት ግድ ነው። መታወቂያቸው የአገልግሎት ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ሳታዩ ከቤት አታውጧቸው። በዚያው ቀን የእግዱን ቃለ መሐላም ይፈጽሙ፣ አንድ ጉዞ ይቀርላቸዋል።

ዳኝነት መክፈል ካልተቻለ በደሀ ደንብ ይጠየቃል፤ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያለው ነው። ማመልከቻው ላይ ያላቸው ንብረት በሙሉ ከግምቱ ጋር ይዘረዘራል፣ እውነትነቱም ይረጋገጣል። ቀበሌ የሚሰጠው ደብዳቤ «ደሀ ናቸው» ብቻ ካለ አይበቃም፦ ስንት ማሳ፣ ስንት ከብት፣ ምን ገቢ፣ ስንት ሰው ይጦራሉ የሚለው ይጻፍ። አንዲት ላም ደብቆ መገኘት ከላሟ ዋጋ በላይ ያስከፍላል፤ ተቃራኒ ወገን ቀርቦ ድህነቱን መቃወም ስለሚችል አጎታችሁ የማያውቁት ላም የለም። የደሀ ደንብ የሚያስቀረው የዳኝነቱን ክፍያ እንጂ ጠበቃ አያስገኝም። ማጣራቱም ቀጠሮ ይወስዳል፤ ስለዚህ እግዱ ከማጣራቱ በፊት እንዲታይ በማመልከቻው ላይ ለዩና ጠይቁ። በመጀመሪያ ግን ለመቃወሚያው የሚታሰበው ምን ያህል እንደሆነ ሬጅስትራሩን ጠይቁት፤ ተበድሮ መክፈሉ ከማጣራቱ የሚሻልበት ጊዜ አለ።


ሙጋድ

ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ መጀመሪያ የሚኬደው ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። ዐቃቤ ሕጎቹ አቅም ለሌላቸው ሴቶች፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና አካል ጉዳተኞች በፍትሐ ብሔር ጉዳይም ይረዳሉ፤ አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ሲያስፈልግም ይቆማሉ። እናታችሁ በሁለት በኩል ይገባሉ፣ አረጋዊት ናቸው፣ ሴት ናቸው። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሰሜን ወሎ ለሆነ አንባቢ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም አለ። ለሁሉም ቢሆን ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ግልባጩን፣ ደብተሩን፣ የስጦታውን ወረቀት ኮፒና የቀበሌውን ደብዳቤ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ቀን ይጻፋል። ወሬ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው «ወረቀቱን አምጣ» ተብሎ ይመለሳል፣ ያ ደግሞ ከገጠር ለሚመጣ ሰው አንድ ሳምንት ነው። ወንድማችሁ ቀድሞ እዚያው ሄዶ ስለ ይግባኙ ተማክሮ ከሆነ ንገሯቸው፤ በዚህ መዝገብ እሱ ተጠሪ ነው፣ አንድ ሰው ለሁለቱም መቆም አይችልም።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለሆነም ላንሳው። ቀጠሮ ላይ አለመቅረብ መዝገቡን ያስዘጋዋል። እንዲህ ከሆነ ቁጥር 74 ባለው የአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ ማስከፈት ይቻላል፤ ግን መዝገቡ ሲዘጋ እግዱም አብሮ ይነሳል፣ አጎታችሁም ያቺን ክፍተት ይጠቀሙባታል። ቀጠሮ ባለበት ዋዜማ ከተማ እደሩ። ካልተቻለ በዚያው ቀን መንገድ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አውጡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚወጣውን ዳኛ አያምነውም።


ሰብለ ዘሐይቅ

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ግልባጩን ወንድሜ ነገ ይጠይቃል፣ እናታችንን ረቡዕ አመጣታለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ገብሱ ሳይታጨድ አስፈጻሚ ቢመጣስ? ወንድሜ «ማሳው ላይ ቆሜ አላስረክብም» እያለ ነው። ደግሞስ ወንድሜ ይግባኝ ካለ የእናታችን መቃወሚያ ይቀራል?


ጦሳ ሥር

ወንድምሽን አስታግሺው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣን ሰው መከልከል ወንጀል ነው፤ የመሬቱ ክርክር ላይ እስር ቤት መጨመር ነው ትርፉ። አስፈጻሚ ከመጣ እናታችሁ ደብተራቸውን ይዘው ይቅረቡና «እኔ የጋራ ባለይዞታ ነኝ፣ አልተከሰስኩም፣ መቃወሚያ አቅርቤአለሁ» ይበሉ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ያሳዩና ይህ በአስፈጻሚው ሪፖርት ላይ ይጻፍልኝ ብለው ይጠይቁ። ሪፖርቱ ተመልሶ ችሎቱ ፊት ነው የሚሄደው።

ገብሱን በእግድ አቤቱታው ውስጥ በአማራጭ ጠይቁት፦ «እግዱ ባይፈቀድ እንኳ ሰብሉ እስኪነሳ ርክክቡ ይቆይልኝ» ብላችሁ። ፍርዱ መሬት ይለቀቅ እንጂ ሰብል ይሰጥ ካላለ አፈጻጸም ችሎቱ ሰብሉን ለአጎታችሁ ሊሰጥ አይችልም። ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ምን እንደተዘራ፣ በስንት ሄክታር ላይ፣ መቼ እንደሚደርስ የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዙ። ቀን የሌለው «ሰብል አለበት» የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ዳኛው የሚወስነው እስከ መቼ ልጠብቅ የሚለውን ነው።

ይግባኙና መቃወሚያው አይጋጩም፣ ወንድማችሁም ሰኔ 14 እንዲያልፍበት አትፍቀዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር መዝገቡን ካስቀረበ ግን የወረዳው ሥራ መዝገቡ እስኪመለስ ይቆማል። በእያንዳንዱ አቤቱታ ላይ የሌላኛውን መዝገብ ቁጥር ጻፉ፤ የተደበቀ መዝገብ ኋላ ሲወጣ ዳኛን ያስኮርፋል።


ቦርከና ማዶ

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ሌላ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይሳሳት። ወረዳው ባቲ፣ ደዋ ጨፋ ወይም ሌላ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳ ከሆነ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታው በዚያው ቋንቋ ይዘጋጃል፣ ቋንቋውን የማይችል ባለጉዳይም አስተርጓሚ ይጠይቃል። ሰነዱ በአማርኛ ከሆነ የትርጉም ቅጂ አብሮ ይያያዝ፤ ትርጉም የለውም ተብሎ ቀጠሮ ሲሰጥ ነው ብዙው ሰው ቀን የሚያቃጥለው።